በወጥ ቤቱ በኩል ግቡ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የእንግሊዝ ገጠር፣ ጥንታዊ ቤቶችና የአትክልት ስፍራዎች

ፀሐይ ብቅ ማለት ስትጀምር የእናንተም ጥያቄ ይበዛል። ዘንድሮ ከየከተማው ብዙ ደብዳቤ ደርሶኛል። ሁሉንም እዚህ ማስገባት ስላልቻልኩ ብዙዎቻችሁን የሚነኩትን አምስት መርጫለሁ።

ለማታውቁኝ፣ እንግሊዝ ከገባሁ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። የምኖረው ዊልትሺር ውስጥ ነው። የእንጀራዬ ሥራ አረጋውያንን መንከባከብ ነው። ሐሙስ ሐሙስ ግን አንድ አሮጌ የመኳንንት ቤት ውስጥ በበጎ ፈቃድ እሠራለሁ። ጎብኚ ሲመጣ ስለ ክፍሉ እናገራለሁ። ቤቱ ለጎብኚ ሲዘጋ ደግሞ መጽሐፎቹን አንድ በአንድ እያወረድኩ በለስላሳ ብሩሽ አቧራቸውን አነሳለሁ። ዓመቶቹንና ወሮቹን ሁሉ የጻፍኩት በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እናቴ በሰኔ ከደብረ ብርሃን ልትመጣ ነው። ሰባ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷን ያማታል። ለንደንን ብቻ አይታ «ጫጫታው አደከመኝ» ብላ እንዳትመለስ ፈራሁ። ገጠሩን ላሳያት እፈልጋለሁ። ግን የፈረንጅ ጌቶች ቤት ለእሷ ምኗ ነው? ደግሞ ጾም ላይ ትሆናለች።
*እናቱን የሚጠብቅ፣ ከበርሚንግሃም*

መልስ፦ ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሳነብ የራሴ እናት ድቅን አለችብኝ። እሷም መጥታ ነበር። መጀመሪያ የወሰድኳት አንድ ትልቅ ቤት ነው። ሰፊውን ደረጃ፣ ወርቅ የተቀባውን ጣሪያ፣ በግድግዳው ላይ የተደረደሩትን የጌቶች ስዕሎች አሳየኋት። በትሕትና አየች። አንድ ሰዓት ሳይሞላን «ልጄ፣ የት ነው የምንቀመጠው?» አለችኝ። ደክሟት ብቻ አልነበረም። የምታውቀው አንድም ነገር አላገኘችም።

በሁለተኛው ጊዜ ቻርልኮት ፓርክ ወሰድኳት። ለአንተም የምመክርህ እሱን ነው። ስትራትፎርድ አጠገብ፣ ኤቨን ወንዝ ዳር ነው፤ ከበርሚንግሃም በመኪና አንድ ሰዓት ቢፈጅብህ ነው። የሉሲ ቤተሰብ በዚያ መሬት ላይ ከስምንት መቶ ዓመት በላይ ኖሯል። የቤቱ ግንባታ የተጀመረው በ1558 ነው። ቀዳማዊት ኤልሳቤጥ በ1572 በእንግድነት አድራበታለች። አሁን ቤቱን የሚጠብቀው ናሽናል ትረስት የሚባለው፣ ጥንታዊ ቤቶችንና መሬቶችን የሚንከባከብ ድርጅት ነው።

እዚያ ስትደርሱ ከሳሎኑ አትጀምር። ከሥራ ቤቶቹ ጀምር። ልብስ ማጠቢያው አለ፣ የሠረገላ ቤቱ አለ፣ ቢራ መጥመቂያው አለ። እናቴ መጥመቂያው በር ላይ ስትደርስ ቆመች። ትልልቅ የመዳብ ማፍያዎቹንና የእንጨት ገንዳዎቹን አየች። እኔ አፌን ሳልከፍት «ይሄ የጠላ ቤት ነው» አለች።

በቦታው የነበሩት በጎ ፈቃደኛ ሽማግሌ ነበሩ። ማስረዳት ጀመሩ፤ እኔ አስተረጎምኩ። ገብሱን ያበቅሉታል። የበቀለውን ያደርቁና ይፈጩታል። በሙቅ ውሃ ይዘፈዝፉታል። ውሃውን ያጠሉትና እንዲመር አንድ ተክል ጨምረው ያፈሉታል። «ጌሾ ነዋ!» አለች እናቴ። ተክሉ ጌሾ አይደለም፤ ሆፕስ የሚሉት ሐረግ ነው፣ የሚጨመረው አበባው ነው። ሥራው ግን ያው የጌሾ ሥራ ነው፦ ያመረዋል፣ ቶሎ እንዳይበላሽም ያደርገዋል። ሽማግሌው ይህን ሲሰሙ ጥያቄው ወደ እናቴ ዞረ። ጋኑን በግራዋ እንደምታጥብ፣ በወይራ እንደምታጥን፣ ጥንስሱን ስንት ቀን እንደምታቆይ ነገረቻቸው። ወይራ ምን እንደሚሸት ጠየቁኝ፤ ለዚያ እንግሊዝኛ አጣሁለት። ሃያ ደቂቃ ያህል ቆየን። ድሮ የቤቱ ሠራተኞች ከደመወዛቸው ሌላ ቢራም በቀለብነት ይሰፈርላቸው እንደነበር ሲነግሯት «እንግዲያ ሠፋሪዋ ሴት ከባድ ሥራ ነበረባት» አለች። አገሯ ገብታ እንግሊዝ ምን አየሽ ሲሏት የምታወራው ስለዚያ ጠላ ቤት ነበር።

ከዚያ ወደ መስኩ ውጡ። አጋዘኖች አሉ። በጎችም አሉ፤ እነሱን እናትህ እንዳያልፏቸው። የያዕቆብ በጎች ነው የሚሏቸው። ነጭና ጥቁር ዝንጉርጉር ናቸው፤ አንዳንዶቹ አራት ቀንድ አላቸው። ስሙ የመጣው ከኦሪት ዘፍጥረት ነው፤ ያዕቆብ ከላባ በጎች መካከል ዝንጉርጉሮቹንና ነቁጣ ያለባቸውን ደመወዙ አድርጎ ከወሰደበት ታሪክ። ለእናቴ ስሙን ብቻ ነገርኳት። ታሪኩን እሷ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገረችኝ፣ እነ ራሔልን ጨምራ።

ስለ ጉልበታቸው፦ ከመሄድህ በፊት ደውል። ብዙ ቦታዎች ተሽከርካሪ ወንበር ያውሳሉ፤ ግን ቁጥሩ ትንሽ ነው። ፎቁ ላይ ለመውጣት ብዙውን ጊዜ ሊፍት የለም። ክፍሎቹ ውስጥ ወንበር ላይ ደረቅ የጥድ ፍሬ ወይም እሾሃማ ደረቅ አበባ ካየህ «እዚህ አትቀመጡ» ማለት ነው። ቃል ሳይጻፍ የሚነገር ክልከላ ነው። ምንም ያልተቀመጠበት ወንበር ካየህ ደግሞ ጠይቅ። እኛ በጎ ፈቃደኞቹ፣ እናቶች ሲቀመጡ ደስ ይለናል። መጋረጃው ለምን ተዘጋ ብለው ቅር እንዳይላቸውም ንገራቸው። ብርሃን የድሮ ጨርቅና ምንጣፍ ቀለም ይበላል። የበላውን ደግሞ የሚመልሰው የለም።

ስለ ጾሙ፦ ሻይ ቤቶቹ ውስጥ የሚያጓጓው ስኮን የሚባል ትንሽ ዳቦ ቅቤና ወተት አለበት፤ ከላዩም ክሬም ይደረግበታል። «ቪጋን» በልና ጠይቅ፤ ያ ቃል የእኛን ጾም ይሸፍናል፣ ዓሣም የለበትም። የተጋገረ ድንች ከቲማቲም ባቄላ ጋር ሁሌ አይጠፋም፤ ቅቤ እንዳያደርጉበት አስቀድመህ ንገራቸው። እኔ ግን ከቤት ይዤ ነው የምሄድ። መስኩ ላይ አንጥፎ መብላት ይቻላል። ሽሮ በቴርሞስ፣ እንጀራ በጨርቅ ተጠቅልሎ። ማንም ምንም አላለንም። እንዲያውም አንዲት ሴት «ምን ይሆን እንዲህ የሚሸተው?» ብላ መጥታ ቀምሳ ሄዳለች።

በአንድ ቀን ሁለት ቤት አትሞክር። አንድ ቤት፣ አንድ መስክ፣ አንድ ረጅም ሻይ ይበቃል።

ጥያቄ፦ ባለቤቴና እኔ ሦስት ልጆች አሉን። ባለፈው ቅዳሜ አንድ ቤት ልንሄድ ተነስተን የትኬቱን ዋጋ ስናይ ቁጭ አልን። ርካሽ መንገድ የለውም?
*የሦስት ልጆች አባት፣ ከሊድስ*

መልስ፦ ዋጋው እውነትም ይከብዳል። ትልልቆቹ ቤቶች ለአንድ አዋቂ ሃያ ፓውንድ አካባቢ ይጠይቃሉ፤ ከዚያ የሚበልጡም አሉ። ስለዚህ በር ላይ አትክፈሉ። በዓመት ሦስት አራት ጊዜ የምትወጡ ከሆነ የናሽናል ትረስት የቤተሰብ አባልነት ገንዘቡን ይመልሳል፤ መኪና ማቆሚያውም በብዙ ቦታ ነጻ ይሆናል። ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ አይከፍልም። ልጆችህ ግንብና ፍርስራሽ የሚወዱ ከሆነ ኢንግሊሽ ሄሪቴጅ የሚባለው ሌላው ድርጅት ልጆችን ከአባል ወላጅ ጋር በነጻ ያስገባል። ከሁለቱ አንዱን ምረጡ። ሁለቱንም አትግዙ።

አንድ ሳንቲም ሳታወጡ የምትሄዱበትም አለ። በመስከረም አጋማሽ፣ ልክ የእኛ እንቁጣጣሽ ሰሞን፣ ሄሪቴጅ ኦፕን ዴይስ የሚባሉ ቀናት አሉ። ከ1994 ጀምሮ በየዓመቱ ይደረጋሉ። ሌላ ጊዜ የሚያስከፍሉ ወይም ጭራሽ ለሕዝብ የማይከፈቱ ቤቶች በነዚያ ቀናት በነጻ ይከፈታሉ።

በበጋ ደግሞ በየመንደሩ አጥር ላይ ቢጫ ማስታወቂያ ተለጥፎ ካያችሁ ቁሙ። ናሽናል ጋርደን ስኪም ይባላል። ሰዎች የገዛ ጓሯቸውን ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን ለእንግዳ ይከፍታሉ። የተጀመረው በ1927 ነው፤ በዚያ ዓመት 609 የአትክልት ስፍራዎች ተከፈቱ፣ መግቢያው አንድ ሽልንግ ነበር። ገንዘቡ ለነርሶችና ለሕሙማን እንክብካቤ ይውላል። ዛሬም ጥቂት ፓውንድ ብቻ ነው የሚጠየቀው። ባለቤቷ ራሷ የጋገረችውን ኬክ ትሸጥላችኋለች፤ ስለ ጽጌረዳዋ ከጠየቃችኋት ግማሽ ሰዓት ታወራላችኋለች። እኔ ከቤተ መንግሥቶቹ ሁሉ እነዚህን ጓሮዎች እመርጣለሁ።

አንተ ሊድስ ስለሆንክ ግን አንድ ቦታ ሳልነግርህ አላልፍም። ሪፖን አጠገብ ያለው ፋውንቴንስ ገዳም ነው። በ1132 ዮርክ ከነበረ ገዳም አሥራ ሦስት መነኮሳት «ኑሮው ላላ፣ ሥርዓቱ ተጓደለ» ብለው ወጡ። ሰው በማይኖርበት ሸለቆ ውስጥ ሰፈሩ። በኋላ በበግ ፀጉር ንግድ ከአገሩ ሀብታም ገዳማት አንዱ ሆነ። በ1539 ንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ ዘጋው። መነኮሳቱ ተበተኑ፣ ጣሪያው ፈረሰ። ግድግዳውና ግንቡ ዛሬም ቆሟል። የዕቃ ማከማቻ የነበረው አዳራሽ ዘጠና ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ከነቅስቱ አለ፣ የሌሊት ወፎች ይኖሩበታል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በማኅበራችን ጉዞ ሄደን ነበር። ዝናብ ጥሎ ሣሩ ርሷል። መቅደሱ የነበረበት ቦታ ስንደርስ አብረውን የነበሩት ቄስ ጎንበስ አሉ። ጫማቸውን አወለቁ። ጣሪያ የለም፣ ታቦት የለም፣ የቆሙት ሣር ላይ ነው። ካልሲያቸው እየረጠበ ጸሎታቸውን አደረሱ። እኛም ሳንነጋገር አወለቅን። ልጆቹ እንኳን ዝም አሉ።

ለገዳሙና ለውሃው የአትክልት ስፍራ ትኬት ያስፈልጋል። አጠገቡ ያለውን የስታድሊ ሮያል የአጋዘን መስክ ግን በእግር በነጻ ልትዞሩት ትችላላችሁ፤ የሚከፈለው መኪና ማቆሚያው ነው።

ጥያቄ፦ ጓደኞቼ ገጠር እንሂድ ሲሉኝ ሰበብ እፈጥራለሁ። ሁሉም ሰው እኔን የሚያይ ይመስለኛል። ደግሞ እነዚያ ቤቶች በምን ገንዘብ እንደተሠሩ ሳስብ ለምን ብዬ እከፍላለሁ? ተሳስቻለሁ?
*ሃያ አራት ዓመቴ ነው፣ ከለንደን*

መልስ፦ ልጄ፣ አልተሳሳትሽም። ሰበብ መፍጠሩን ግን እንድትተይው እፈልጋለሁ።

የራሴን ልንገርሽ። እዚህ አገር በገባሁ በሁለተኛው ዓመት አንድ ቤት ሄድኩ። የትኛው እንደሆነ አልናገርም። የእሁድ ልብሴን ለብሻለሁ፣ ትኬቴን ገዝቼ በእጄ ይዣለሁ። በር ላይ የቆመችው ሴት ፈገግ ብላ «የጽዳት ሠራተኞች መግቢያ በኋላ በኩል ነው» አለችኝ። ክፋት አልነበራትም፤ ለእሷ እኔ ሌላ ምን ልሆን እችላለሁ? ትኬቱን አላሳየኋትም። ተመልሼ አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት እንዲህ ያለ ቦታ አልሄድኩም።

የመለሱኝ የምንከባከባቸው አንዲት አሮጊት ናቸው። ዘጠና አንድ ዓመታቸው ነበር። «ከመሞቴ በፊት አንድ ጊዜ ጽጌረዳ ልይ» አሉኝ። በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋሁ ወሰድኳቸው። ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ስንሄድ ወንበሩን አስቆሙኝና «አንቺም አሽትቺ እንጂ» ብለው ቅርንጫፉን በዱላቸው ስበው ወደ አፍንጫዬ አመጡት። ያን ቀን በር ላይ ማን ምን እንዳለኝ ትዝ አላለኝም። ከዓመት በኋላ በበጎ ፈቃድ ተመዘገብኩ። አሁን በር ላይ የምቆመው እኔ ነኝ። አንዲት ጥቁር ልጅ ብቻዋን ስትመጣ ካየሁ ቀድሜ ሰላም የምለው እሷን ነው።

ስለ ገንዘቡ ያልሽው እውነት ነው። ሊድስ አጠገብ ሄርዉድ ሃውስ አለ። ግንባታው በ1759 ተጀመረ። የላሴልስ ቤተሰብ ሀብቱን ያገኘው በካሪቢያን ደሴቶች ከስኳርና ከባሪያ ንግድ ነው። ቤተሰቡ ራሱ ዛሬ ይህን አይደብቅም፤ ቤቱ ውስጥ ይነገራል። ናሽናል ትረስትም በ2020 ከቅኝ ግዛትና ከባርነት ጋር ግንኙነት ያላቸውን 93 ቦታዎች ዘርዝሮ አወጣ። ብዙ ሰው ተቆጣ፤ «ቤታችንን አሰደባችሁ» ያሉ ነበሩ። እኔ ያንን ዝርዝር ሳነብ እፎይ ነው ያልኩት። ለዓመታት የማስበውን ነገር ሌላ ሰው ጽፎት አገኘሁ።

ስለዚህ ሂጂና ጠይቂ። ክፍሉ ውስጥ የቆመውን ሰው «ይህ ቤት በምን ገንዘብ ተሠራ?» በዪው። ነውር አይደለም። የምናውቀውን እንነግርሻለን። ወጥ ቤቱንም እዪ። እኔ የምሠራበት ቤት ውስጥ ከወጥ ቤቱ ኮሪደር ግድግዳ ላይ ደወሎች ተሰልፈዋል። እያንዳንዱ ከላይ ካለ ክፍል በሽቦ የተያያዘ ነው፤ ከሥሩ የክፍሉ ስም ተጽፏል። ከደወሉ ጋር ትንሽ ፔንዱለም አለች። ድምፁ ከቆመ በኋላም እሷ መወዛወዟን አታቆምም። ለምን መሰለሽ? ሠራተኛዋ እጇ ሊጥ ውስጥ ሆኖ ብትሰማ፣ ዞራ ስታይ የትኛው እንደተደወለ እንድታውቅ ነው። በአንድ ወቅት ቤሩት የሠራች ጓደኛዬ እነዚህን ደወሎች አይታ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «የኔ እመቤት ስሜን ነበር የምትጠራው፤ ስሜ ግን ያልሆነውን» አለችኝ።

የሚያዩሽ ሰዎች ነገር ከቤቱ ይልቅ በሜዳው ላይ ይከብድሽ ይሆናል። እዚያ ደግሞ ሕጉ ካንቺ ጋር ነው። በእንግሊዝና በዌልስ 225 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል የሕዝብ መንገድ አለ። ቢጫ ቀስት ያየሽበት የእግር መንገድ፣ በሎርድ መሬት መካከል ቢያልፍ እንኳን የሁሉም ነው። ማንንም አታስፈቅጂም። ይህም በችሮታ ብቻ የመጣ አይደለም። በ1932 ሚያዝያ 24 ቀን በመቶ የሚቆጠሩ ወጣቶች፣ ብዙዎቹ የማንችስተር ሠራተኞች፣ ለጌቶች አደን የተከለለውን ኪንደር ስካውት ተራራ ሰብረው ወጡ። አምስቱ ታሰሩ። በ1951 ያ ተራራ ያለበት ፒክ ዲስትሪክት የአገሩ የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። በ2000 የወጣው ሕግ ደግሞ በተራራና ባልታረሰ መስክ ላይ እንደልብ መሄድን ፈቀደ። ብቻሽን መሄድ ከከበደሽ ጓደኞችሽን እሺ በያቸው። ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ከሆነ ብሉቤል የሚባል የዱር አበባ ያለበት ጫካ ፈልጉ፤ መሬቱ ሁሉ ሰማያዊ ይሆናል። ከመንገዱ አትውጡ፤ አንዴ ከተረገጠ ለዓመታት አያገግምም።

ጥያቄ፦ ባለፈው ክረምት መስክ ስናቋርጥ ላሞች ተከተሉን። ሮጠን አመለጥን። አደገኛ ናቸው እንዴ? ምን ጫማስ ይደረጋል?
*ከኮቨንትሪ*

መልስ፦ ሁለተኛ አትሩጡ። ብዙ ጊዜ የሚከተሏችሁ ስለሚጓጉ ነው፤ ስትሮጡ እነሱም ይሮጣሉ። ጥጃ የያዙ ከሆነ ግን ቀልድ የለም፤ ራቅ ብላችሁ ዙሩ፣ በላምና በጥጃ መካከል አትግቡ። ውሻ ይዛችሁ ከመጡባችሁ ውሻውን ልቀቁት። የሚፈልጉት እሱን ነው፤ እሱ ሮጦ ያመልጣል።

ገጠር አድጌ ከብት አውቃለሁ የምትሉ ልብ በሉ። የእኛ ከብት እረኛ አለው፣ የሰው ድምፅ ያውቃል። እነዚህ ቀኑን ሙሉ ብቻቸውን ናቸው። እረኛ ያላየ ላም በፉጨት አይመለስም፤ ሞክሬዋለሁ።

በር ተዘግቶ ካገኛችሁት ዝጉት፤ ተከፍቶ ካገኛችሁት ተዉት። ጫማው ውሃ የማያስገባ ይሁን። በነጭ ስኒከር የሄደ ሰው በቡኒ ይመለሳል፣ በሐምሌም ቢሆን።

ጥያቄ፦ በመስከረም ለሥራ ባዝ ከተማ ልሄድ ነው። አንድ ነጻ ቀን አለኝ። ከእኛ ታሪክ ጋር የተያያዘ ቦታ ማየት እፈልጋለሁ፤ የገጠሩንም መልክ።
*አስተማሪ ነኝ፣ ከአዲስ አበባ*

መልስ፦ ባዝ ከሆንክ ታድለሃል። ጠዋት ፌርፊልድ ሃውስ ሂድ። አፄ ኃይለ ሥላሴ ከ1936 እስከ 1940 በስደት የኖሩበት ቤት ነው። በ1958 ለከተማው አረጋውያን መጠቀሚያ እንዲሆን ለባዝ ሰጡት። ሁልጊዜ ለጎብኚ ክፍት አይደለም፤ ከአዲስ አበባ ሳትነሳ አረጋግጥ። ቤተ መንግሥት ጠብቀህ አትሂድ። ደህና ሰፊ የመኖሪያ ቤት ነው። ለእኔ ልቤን የነካው ይኸው ነው። በዚያ ብርድ፣ በዚያ ጭጋግ፣ አገር ተወስዶ፣ እነዚህን መስኮቶች እያዩ አራት ክረምት ማለፍ።

ከሰዓት በኋላ ባቡር ይዘህ ቺፕነም ውረድ፤ አሥር አሥራ ሁለት ደቂቃ ነው። ከዚያ በአውቶቡስ ወይም በታክሲ ላኮክ መንደር ትደርሳለህ። መንደሩም ገዳሙም በ1944 ለናሽናል ትረስት ተሰጥቷል። ገዳሙ በ1232 ለመነኮሳይያት የተሠራ ነው፤ በኋላ የታልቦት ቤተሰብ መኖሪያ ሆነ። ብዙ ሰው መንደሩን ፎቶ አንስቶ ይመለሳል። አንተ ግን ወደ ቤቱ ውስጥ ግባና በደቡብ በኩል ያለውን መስኮት ፈልግ።

መስኮቱ በእርሳስ የተያያዙ ትንንሽ መስታወቶች ያሉት ነው። በነሐሴ 1835 ዊልያም ሄንሪ ፎክስ ታልቦት ትንሽ የእንጨት ሳጥን ፊት ለፊቱ አቆመ። ውስጡ በብር ጨው የተቀባ ወረቀት ነበር። ወረቀቱ ላይ የቀረው ምስል የፖስታ ቴምብር ቢያክል ነው። ዛሬ በዓለም ላይ ካሉት የፎቶ ኔጋቲቮች የቀደመው እሱ ነው። ታልቦት በአጉሊ መነጽር ሲያየው የመስኮቱን መስታወቶች፣ ሁለት መቶ ያህሉን፣ መቁጠር እንደሚቻል ጽፏል። እኔም መስኮቱ ሥር ቆሜ መቁጠር ጀምሬ ነበር። ሰው መጣና ተሳሳትኩ።

ያ መስኮት ለእኛ ለምን ይጠቅመናል ትለኝ ይሆናል። ከዚያች ወረቀት ሠላሳ ሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1868፣ መቅደላ ወደቀች። የሰባት ዓመቱ ልዑል ዓለማየሁ አባቱን አፄ ቴዎድሮስን አጥቶ፣ እናቱም በመንገድ ሞታበት፣ በሐምሌ እንግሊዝ ገባ። ንግሥት ቪክቶሪያ በዋይት ደሴት ባለው ኦዝቦርን ቤቷ ተቀበለችው። በዚያው ደሴት ፍሬሽዎተር በሚባለው መንደር ሞግዚቱ ከሆነው እንግሊዛዊ መኮንን ከካፒቴን ስፒዲ ጋር ተቀመጠ። ጎረቤታቸው ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ፎቶ አንሺ ነበረች። አነሳችው። የዚያ ልጅ ፊት ዛሬ በእጃችን ያለው በዚህ ምክንያት ነው። ተማሪዎችህም አይተውት ይሆናል፤ ፊቱ ላይ ፈገግታ የለም። በ1879 በአሥራ ስምንት ዓመቱ ሊድስ ውስጥ ሞተ። ዊንድዘር ተቀበረ። በመታሰቢያው ናስ ላይ «እንግዳ ሆኜ ተቀብላችሁኛል» የሚለው የማቴዎስ ወንጌል ቃል ተቀርጿል። እኔ ያንን ጥቅስ ባነበብኩ ቁጥር ልጁን ሳይጠይቁት የጻፉለት ነው እላለሁ።

ሁለተኛ ቀን ብታገኝ ወደ ደሴቲቱ ተሻገር። የካሜሮን ቤት ዲምቦላ ሙዚየም ሆኗል፤ ግን ከኦዝቦርን በደሴቲቱ በሌላኛው ጫፍ ነውና አንድ ቀን ሙሉ ያዝለት። ኦዝቦርን ደግሞ ለሕዝብ ክፍት ነው፤ አስቀድመህ ሰዓቱን እይ። ከሳውዝሃምፕተን የሚነሳው መርከብ ኢስት ካውስ ያወርድሃል። ከዚያ ቤቱ ሩቅ አይደለም፤ ዳገቱን ከቻልክ በእግር ይደረሳል።